ሳልሰግድ የዋልኩበት ስቅለት

ሳንባዬ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር ተገኘች። ሳል አልለቅ ብሎኝ ሄድኩ፤ ደረቴን ራጅ አነሱኝ፤ ናሙና እንወስዳለን ብለው በረጅም መርፌ ጎኔን ወጉኝ፤ ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ካንሰር ነው አለችኝ። ወንበር የሚያስጠጋ ሐኪም አልወድም። ደህና ወሬ ያለው ሰው ካለበት ሆኖ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ይቺ ነገር ሳንባዬ ውስጥ ብቻዋን ናት ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ተሻግራለች? ብቻዋን ከሆነች ከፍተው ይቆርጧታል፤ እኔም የመዳን ተስፋ አለኝ። አጥንት ገብታ ከሆነ ግን ቢላ የሚያነሳ የለም፤ በመድኃኒት ዕድሜ መግፋት ነው። ይህን የሚለየው ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ ነው። ጨረር ያለበት ስኳር በደም ስርህ ይጨምሩብሃል። ካንሰር ስኳር አይጠግብም፣ ያለበት ቦታ ሆኖ ይስበዋል። ማሽኑ ስኳሩ የተሰበሰበበትን ቦታ እንደ ፍም አድርጎ ያሳያል። ሐኪሟ ይህን ስታስረዳኝ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፣ ቀስ እያለች፣ ደንቆሮን እንደሚያናግሩ። አንዴም ይበቃኝ ነበር።

የዝግጅቱን ወረቀት ስታወጣ ልጄ ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«እኔ ላንብብልህ ዳዲ።»

«እጅሽን ሰብስቢ።»

እኔ ማንበብ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። አማርኛውን ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ፣ ከሰል ይዞ በካርቶን ላይ ከሚያስተምር አንድ የተባረረ አስተማሪ። እንግሊዝኛውን እዚህ አገር ከገባን በኋላ ክላርክስተን፣ ቀን መጋዘን ዕቃ ሳነሳ ውዬ፣ ማታ ማታ ምድር ቤት ውስጥ ከበርማና ከኮንጎ ሰዎች ጋር ተቀምጬ። ከዚያ በፊት ሰው ሲያነብልኝ ነው የኖርኩት። ሰው ሲያነብልህ የሚፈልገውን ያነብልሃል፣ የማይፈልገውን ይዘልልሃል። ስለዚህ ወረቀት እጄ ከገባ ከላይ እስከ ታች፣ ከሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። የሚቸኩል ይሂድ።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ፍራፍሬና ማር አትብላ። ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ አይብ ብላ። ብርድ አይንካህ። ኤክሰርሳይዝ አታድርግ፤ አትሩጥ፣ ጂም አትሂድ፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ቤት እንኳ አትጥረግ። ጡንቻ ከሠራ እሱም ስኳሩን ይስበዋል፣ ምስሉም ይበላሻል።

ልጄ ሚድታውን ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የምትውል ናት። እሷም እንደ ሐኪሟ ነገር ትደጋግማለች። «ኤክሰርሳይዝ ምናምን ኖ፣ ኦኬ ዳዲ? ላይክ፣ ምንም።»

«እኔን መቼ ስሮጥ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ሥራም ኖ። ፎርክሊፍቱም ኖ።»

መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ከምነዳበት ሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። የገበያ ፌስታል እንኳ አላነሳሁም፤ ሚስቴ የውኃ ካርቶን ከመኪና ስታወርድ ቆሜ አየኋት። ጎረቤታችን ያ ነጭ ሽማግሌ ከበረንዳው ሆኖ ሲገላምጠኝ ዋለ። ይገላምጥ።

ችግሩ ሌላ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ወረቀቱ ብላ የሚለው ሁሉ በኛ ቤት የተከለከለ ነው። አትብላ የሚለው ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ እንጀራ ነው፤ እኛ ቤት ከዚያ ሌላ ምን ይበላል?

ሚስቴ ወረቀቱን ካነበብኩላት በኋላ ድስቶቿን እንደ ልጅ ዙሪያዋን ሰብስባ ቆመች።

«በሁዳዴ በኔ ድስት ዶሮ አይገባም።»

«እንግዲያው አዲስ ድስት ይገዛ።»

«አንተ ግዛ፣ አንተ ሥራ፣ አንተ ብላ። እኔ ሽታውን አላሸትም።»

«ካንሰር ይዞኛል እኮ!»

«እሱን ነው የምልህ። አሁን ነው እግዚአብሔርን የምታስቀይመው?»

ከሱፐርማርኬት የተጠበሰ ዶሮ ገዛሁ። የበላሁት ጋራዥ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ዘርግቼ፣ በቁሜ ነው። እንደ ሌባ። ቤቱን የምከፍለው እኔ፣ ሳንባው የኔ፣ ዶሮው ከጋራዥ በር እንዳያልፍ ተብሎ። ልጄ በስልክ ስለ እኔ ስትቆጣት እናቷ በሩን ዘግታ «ይብላ፣ ማን ከለከለው?» ትላለች። ሰማሁ። በሩ ስስ ነው።

ዶሮው ሳያልቅ ሚስቴ ለንስሐ አባታችን ደወለች። አባ ቅዳሜና እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፣ በሌላው ቀን ታክሲ ይነዳሉ። በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ፣ ግን «ልጄ» ይሉኛል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጋራዡ ድረስ ይዛው መጣች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ።

«ልጄ፣ እንደምን ነህ? ኤርፖርት ተሰልፌ ነው፣ ተራዬ ከደረሰ እዘጋብሃለሁ።»

«ደህና ነኝ አባ። ዶሮ እየበላሁ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ለሕመም ነው፣ ብላ። ታማሚ በጾም አይያዝም። ብቻ ልብህ እንዳይደፍር ማታ ጥቂት ስገድ።» ቁጥሩን ተናገሩ። «ከዚያ እግዚአብሔር ይፍታህ። ይኸው ተራዬ ደረሰ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ቆሟል።»

ዘጉት። ፍርድ ማለት ይህ ነው። በሻንጣ መሃል።

ያን ዕለት ወደ ማታ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። ምሥራቅ በኛ ቤት ወደ ወጥ ቤቱ ነው፤ ፊት ለፊቴ ፍሪጁ አለ፣ ፍሪጁ ላይ ደግሞ ያ ወረቀት በማግኔት ተለጥፏል። ሚስቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀስ ብለህ። ትንፋሽህ አይችልም። ጥቂቱን ሰግደህ ተቀመጥ፣ ለአባ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ማነው የማይችለው?»

«ስታስል እኮ ነው የምታድረው።»

«አንቺ ቁጠሪ።»

ጀመርኩ። ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር ምንጣፍ ላይ፣ ከዚያ በክንድ ገፍቶ መነሳት። እንደገና። መሃል ላይ ሳሉ ያዘኝ፤ አላቆምኩም። አባ ያሉት ሲሞላ ሚስቴ «በቃ» አለች። እኔ ግን ቀጠልኩ። «በቃ እኮ አልኩህ!» ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ያዘዙትን እጥፍ አድርጌ ስጨርስ ላቤ ምንጣፉን አርሶት፣ ታፋዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ሶፋውን ይዤ ቆምኩ።

«አየሽ?» አልኳት።

«ትዕቢት ነው እንጂ ስግደት አይደለም» አለች።

ልብ በሉ። ወረቀቱ ዐይኔ ሥር ነበር። ስነሳም ስወድቅም ወደ እሱ ነበር የምሰግደው። ለእኔም ለሚስቴም ለአባም፣ ኤክሰርሳይዝ ማለት ጠባብ ሱሪ ለብሶ ከውሻ ጋር መንገድ ላይ መሮጥ ነው። ፈረንጆች የሚያደርጉት ነገር ነው። ስግደት ሌላ ነው። ስግደት ከአልጋ ወርዶ ፊት እንደ መታጠብ ነው፤ ማን ፊቱን መታጠቡን ከሥራ ይቆጥራል?

በማግሥቱ ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። ከአልጋ ስወርድ እግሬ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር፤ ካንሰሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አጋድመው ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ጣሉብኝ። ቴክኒሻኑ ወጣት ነው፣ ጢሙን ያሳመረ። በስልክ አስተርጓሚ ልጥራልህ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት። ጣቴን ወግቶ ስኳሬን አየ።

«ከትናንት ጀምሮ ኤክሰርሳይዝ አድርገሃል?»

«የለም።»

«ከባድ ነገር አንስተሃል?»

«ከራሴ በቀር ምንም።»

ሳቀ። መርፌው በወፍራም ብረት ተሸፍኖ መጣ። እሱ ከብረት ጀርባ የሚይዘውን ነገር እኔ ደም ስር ውስጥ ነው የሚጨምረው። ወግቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል እንዳትንቀሳቀስ፣ እንዳታወራ፣ ስልክ እንዳትነካ ብሎኝ፣ መብራቱን ቀንሶ ቶሎ ወጣ። ከኔ ሸሸ ማለት ነው። ከዚያ ማሽኑ። እጅህን ከራስህ በላይ ሰቅለህ በቀዳዳ ውስጥ ትገባለህ፤ ሌላ የሚነገር የለውም።

ሐኪሟ ጋ ስንመለስ እኔ፣ ሚስቴና ልጄ ሦስታችንም ገባን። ወንበሯን አስጠጋች። አወቅሁት፤ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። የሰው ቅርጽ አለ፣ እኔ ነኝ። ሁለቱ ታፋዎቼ እንደ ደመራ ይነድዳሉ። ቂጤ ይነድዳል። ክንዴ፣ ጀርባዬ፣ ትከሻዬ ሁሉ። ሚስቴ «ወይኔ» ብላ አፏን ያዘች። ሁሉም ካንሰር መሰላት። እኔም እንደዚያው።

ሐኪሟ ግን ግንባሯን ቋጥራ እኔን አየችኝ።

«ቤት ቀይረህ ነበር? ሶፋ ምናምን ተሸክመሃል?»

«የለም።»

«ሠርተሃል እንጂ። ይሄ ጡንቻ ነው። ይሄን ያህል ያየሁት ማራቶን በሮጠ ሰው ላይ ነው።»

ሚስቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ስግደቱ!» አለች በአማርኛ።

«ምን አለች?» አለች ሐኪሟ።

ልጄ እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። «ሂ ወዝ ፕሬዪንግ» አለቻት።

«ጸሎት?» ሐኪሟ እንደገና ስክሪኑን አየች። «በምኑ ነው የሚጸልየው?»

በቃል ማስረዳት ሲያቅታት ልጄ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ የቢሮ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ እዚያው ሐኪሟ ክፍል ወለል ላይ ወረደች። ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር፣ ተነሳች። ደገመችላት። እንዲህ ስትሰግድ ካየኋት ስንት ዘመን ሆነ! ለእግዚአብሔር እምቢ ያለችውን ለሐኪም ሰገደች።

«ይሄን ስንት ጊዜ?» አለች ሐኪሟ።

ነገርኳት። ሐኪሟ ከወንበሯ ወደኋላ ተለጠጠች። «ይሄንኑ እኮ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን አሠልጣኝ ቀጥሬ ነው የምሠራው። ያን ያህልም አልደርስም።»

ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀጥሎ ያለውን ያዩ ዐይኖቿን አይቼ ነበር። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ትከሻዬ አደረገች። እዚያ ከሌላው የደመቀች አንዲት ነጥብ አለች። ጡንቻ ሊሆን ይችላል አለች፣ አጥንትም ሊሆን ይችላል። አጥንት ከሆነ ተሻግሯል ማለት ነው፣ መቁረጥ ቀረ። በዚህ ምስል ልትፈርድ አትችልም። ምርመራውን እንደገና መነሳት አለብህ አለች።

ከዚያ ቀን እስከ ሁለተኛው ምርመራ ያለውን ጊዜ አልመኝላችሁም። ኢንሹራንሱ በቅርቡ ተነስቷል ብሎ እምቢ አለ፤ ልጄ ሥራዋን ትታ በስልክ ስትጨቃጨቅ ሰነበተች። እኔ ግራ ትከሻዬን ስነካ እውላለሁ። ያመኛል፣ አያመኝም፣ የነካሁት ነው ያመመኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጦርነት።

«አንብቤያለሁ አላልክም? ጣትህን እየጎተትክ አላነበብክም?» ትላለች ሚስቴ።

«ስግደት የሚል አልተጻፈማ! ፈረንጅ ስግደት የት ያውቃል?»

«እጥፍ አድርግ ያለህ ማነው?»

«ትንፋሽህ አይችልም ያለኝ ማነው?»

ለጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዷ ከካንሰር የዳነ አጎቷን ታሪክ። የሚስቴ ማኅበር ሴቶች መጥተው ጥግ ላይ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ትከሻዬ ያወራሉ፣ እኔ ሬሳ ሆኜ የተዘረጋሁ ይመስል። «እሰማለሁ!» አልኳቸው ከሶፋዬ ላይ። ከዚያ በኋላ መምጣት ቀነሱ። ተመስገን።

በመጨረሻ ኢንሹራንሱ እሺ አለ። ቀጠሮው ለዓርብ ነው። ልጄ በስልክ ስትነግረን ሚስቴ ቀን መቁጠሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ስቅለት ነው።»

የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል፤ ለነሱ ተራ ዓርብ ነው።

«ሌላ ቀን የለም ወይ?»

«ከወር በኋላ አለ» አለች ልጄ። «ማሚ፣ ዊ ካንት ዌት።»

ስቅለት ማለት ሰው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰግድበት ቀን ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው እንኳ ያን ቀን መጥቶ ይሰግዳል። እኔ ግን ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ እጄን እንዳላነሳ ታዝዣለሁ። ሐሙስ ደግሞ የጉልባን ቀን ነው፤ ስንዴና ባቄላ፣ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ የተከለከሉ። እንቁላል ልበላ፣ በሕማማት!

ሚስቴ ለአባ ደወለች፤ በዚህኛው ጊዜ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ። ብዙ አወራች። ስትወጣ ምን አሉሽ አልኳት።

«ይብላ አሉ። እንዳይሰግድ አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ሐሙስ ቤቱ በጉልባን ሽታ ተሞላ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ትልቅ ድስት ሙሉ ቀቅላለች። እኔ እንደ ልማዴ ጋራዥ ልወርድ ስል፣ ከምድጃው ጥግ ሌላ ትንሽ ድስት አየሁ። የራሷን ድስት። ውስጡ እንቁላል ይፈላል። በሕማማት። ላጠችልኝና ጨው ነስንሳ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እኔም ተቀምጬ በላሁ። አልጣፈጠኝም። እንቁላል ብቻውን ማንን ይጣፍጠዋል?

ዓርብ ያው ክፍል፣ ያው ጢም ያሳመረ ቴክኒሻን። አወቀኝ። «ኖ ፕሬዪንግ?» አለኝ። ፋይሉ ላይ ጽፈውታል ማለት ነው። በቡጢ መምታት አማረኝ፣ ግን ጡንቻ ማሠራት ክልክል ነው። «ኖ ፕሬዪንግ» አልኩት።

ወግቶኝ ወጣ። ተጋደምኩ። እኔ ሃይማኖተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ሚስቴ ስትጎተጉተኝ እሄዳለሁ፣ ጎትጎታዋን ስትተው እተዋለሁ። ግን በሕይወቴ ሳልሰግድ ያለፈኝ ስቅለት የለም። ካምፕ ሳለን ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ በሸራ ድንኳኑ መሃል፣ በአቧራው ላይ ሰግደናል። አሁን እዚያ ክላርክስተን አጠገብ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሞልቶ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ይነሳል፤ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አገጬን እንኳ ላለማንቀሳቀስ እጠነቀቃለሁ። ትከሻዬን አሰብኩት። ትከሻዬን ማሰብ ራሱ ይሠራው እንደሆን ፈራሁና ማሰቡን ተውኩ።

ጨርሼ ወደ መጠባበቂያው ስወጣ ሚስቴ ከተውኳት ቦታ የለችም። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። አንድ ግዙፍ ጥበቃ ክንዷን ደግፎ ያስገባታል። ነጭ ልብሷ ጉልበቱ ላይ በዘይት ጠቁሯል፣ ግንባሯ ላይ የአስፋልት ጠጠር ተለጥፏል።

«ሚስትህ ናት?» አለኝ ጥበቃው። «ፓርኪንጉ ላይ ወድቃ አየኋት። ስሮጥ ተነሳች። ደህና ነች ብዬ ስዞር እንደገና ወደቀች። እንደገና ተነሳች። አምቡላንስ ልጥራ ስላት በእጇ ሂድ ትለኛለች። ራሷን ሳትመታ አልቀረችም፤ ሐኪም ይያት።»

«አልወደቀችም» አልኩት። «ተዋት።»

አላመነኝም። እያየን ወጣ።

«አብደሻል?» አልኳት። «ጉልበትሽ መርፌ እየተወጋ የሚሄድ! አስፋልት ላይ?»

«ያንተን ነው የሰገድኩት። አባን አስፈቅጃለሁ። አንተ ተኝተህ ማን ይስገድልህ?»

«ማን ስገጂልኝ አለሽ?»

«አትጩህ፣ ሆስፒታል ነው።»

«እጮሃለሁ!»

«እሺ ጩህ» ብላ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት።

የራሴን ድርሻ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መስገድ አለብኝ አለች። ቴክኒሻኑ ግን እስከ ማታ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ ብሎኛል፤ ጨረሩ ከኔ ይወጣል። በስቅለት ቀን ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ምን አለ? እሷን በር ላይ አውርጄ መኪናውን ከግቢው መጨረሻ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ፓርክ አደረግኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ከቤት በማሰሮ ይዛልኝ የመጣችው የትናንት ጉልባን ወንበሩ ላይ አለ፤ «ብላ፣ አሁን ተፈቅዶልሃል» ብላኝ ነው የወረደችው። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳይበላ፣ እኔ አሁን ደግሞ ከቆሻሻ ገንዳ ጋር ተቀምጬ ልበላ?

ልጆች ከአዳራሹ ሾልከው ወጡና በመኪኖቹ መሃል ድብብቆሽ ጀመሩ። አንዷ መጥታ የኔን መኪና ጎማ ተደግፋ ተደበቀች። ጡሩንባ ነፋሁ። ዘላ ሮጠች። ሌሎች መጡ፣ ነፋሁባቸው። አንድ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ እየተቆጣ መጣ።

«ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አታውቅም? ጡሩንባ ይነፋል?»

«ልጅህን ከዚህ አርቅ።»

«ምን አደረጉህ?»

«አርቅ አልኩህ!»

እብድ ነው ብሎ ልጆቹን ሰብስቦ ሄደ። ይበል። ልጆቹ ርቀዋል።

ወደ ማምሻው አባ በጎን በር ወጡ፤ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ የወይራ ቅጠላቸውን ይዘው። ሰዉ ሰግዶ ሲጨርስ ጀርባውን በወይራ ቸብ ቸብ አድርገው የቀረውን ስግደት ቁጥር የሚሰጡበት ሰዓት ነው። ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረግኩ።

«አባ አይቅረቡኝ፣ ጨረር አለብኝ።»

«እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ ወይ?» አሉ። እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ግራ ትከሻዬን በወይራው ሁለቴ መቱት። የትኛው እንደሆነ ሚስቴ ነግራቸዋለች። ነካ አድርገውኝ ሳይሆን በደንብ ነው የመቱኝ፤ አመመኝ።

«ስንት ልስገድ?» አልኳቸው።

«ሐኪምህን ጠይቀህ ንገረኝ» ብለው ተመለሱ።

እንዲህ ብለውኝ ሲሄዱ መናደድ ነበረብኝ። መናደድ ስጀምር ነው ስልኩ የጮኸው። ልጄ ናት።

«ዳዲ፣ ሪፖርቱ ወጥቷል። ዶክተሯ ሳትደውል የሆስፒታሉ አፕ ላይ ገባ። ላንብብልህ?»

«አንብበሽዋል?»

«አዎ» አለች።

«ላኪልኝ» አልኳት።

መነጽሬን አደረግኩ። በጣቴ ጀመርኩ። ቃሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ግማሾቹን አላውቃቸውም፣ የማውቃቸውን እየያዝኩ አልፋለሁ። ሳንባ የሚለውን አገኘሁ። ሽምብራዋ እዚያው አለች። ጉበት፣ ምንም። አንጀት፣ ምንም። ወደ ታች ስወርድ ጣቴ ላብ አርሶት ስክሪኑ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ በሱሪዬ ጠረግሁት።

«ዳዲ?»

«ዝም በይ፣ እያነበብኩ ነው።»

ግራ ትከሻ የሚለው ከታች ነበር። ቀድሞ የታየው ጡንቻ ነው ይላል። አሁን የለም። አጥንት ላይ የታየ ነገር የለም። ደግሜ አነበብኩት፤ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሬ። የዘለልኩት ነገር እንዳይኖር።

«አየኸው?» አለች ልጄ።

«አየሁት። ምን ያስለቅስሻል? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

ሰው መውጣት ሲጀምር ሚስቴ እያነከሰች መጣች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ከመኪናው ወርጄ ቆምኩ። ፊቴን አይታ ከርቀት ቆመች።

«ምን ሆንክ?»

«ይቆርጡኛል» አልኳት።

ለሌላ ሰው ይህ ምን ዓይነት ወሬ ነው? እሷ ግን ገብቷታል። አፏን ለእልልታ ከፈተች፤ ምላሷ ሲነሳ አየሁት። ቀኑ ትዝ አላትና በመዳፏ ከደነችው። እልልታውን ዋጠችው፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«በሩን ክፈትልኝ» አለች። «ጉልበቴ አልቋል።»

ከፈትኩላት። ማሰሮውን ከወንበሩ ላይ አነሳሁት።

«አልበላህም?» አለች።

«አብረን እንበላለን ብዬ ነው» አልኳት። «ግቢ፣ ልጆቹ እየመጡ ነው።»